«በጃፓን ስታይል ስሪልኝ» ለተባልሽው እህቴ፦ ከቀይ ክቡ በፊት ፕሌቱን አስቢ

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ላላነበቡት ባጭሩ ላስቀምጠው። አዲስ አበባ ፍሪላንስ የምትሰሪ ዲዛይነር ነሽ፣ አንድ ደንበኛ ለባህል ፕሮግራም የሚሆን ፖስተር «በጃፓን ስታይል አርጊልኝ» አለሽ፣ አንቺም ጨረር የሚፈነጥቅበት ቀይ ክብ፣ የጃፓናዊውን ሰዓሊ የሆኩሳይን ማዕበል፣ የቼሪ አበባ፣ ጎግል ትራንስሌት የሰጠሽን የጃፓንኛ ጽሑፍ ደርድረሽ ሰራሽ። ደንበኛው ወደደው፣ ላንቺ ግን የሱሺ ቤት ሜኑ መሰለሽ። ምንድነው የጎደለው፣ ሚኒማል ማድረግ ነው ወይ፣ ከየትኞቹ አርቲስቶች ልጀምር ነው ጥያቄሽ። እኔ የህትመት ሰው ነኝ፣ ፕሪፕረስ (ፋይል ለህትመት ማዘጋጀት) እና ስክሪን ፕሪንት (ቀለምን በወንፊት ጨርቅ እያሳለፉ ማተም) ላይ ነው እድሜዬን የፈጀሁት፣ ስለዚህ መልሴ ወደ ማተሚያ ቤት ማድላቱ አይቀርም። ዓመተ ምህረቶቹን በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው።

የጎደለሽ ዜን ምናምን አይደለም። ሚኒማልም አይደለም። እነዛ የምትወጃቸው ፖስተሮች የተሰሩት እያንዳንዱ ቀለም ብር በሚያስወጣበት አሰራር ውስጥ ነው፣ አንቺ ደግሞ ስክሪን ላይ ቀለም በነጻ እየተሰጠሽ ነው የምትሰሪው። ምልክቶቹን ወሰድሽ፣ አሰራሩን ግን አልወሰድሽም፣ በቃ ይሄ ነው።

ከማዕበሉ ልጀምር፣ ስለተጠቀምሽበት። በ1831 አካባቢ የወጣው ይሄ የሆኩሳይ ስዕል ግድግዳ የሚያክል የሚመስላቸው ብዙ ናቸው፣ እውነቱ ግን 25 በ37 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፣ ኤ3 ወረቀት እንኳ አይሞላም፣ ደግሞ «ኦሪጅናሉ» የሚባል አንድ ስዕል የለውም፣ ሲጀመርም በብዛት ታትሞ ለተራው ሰው እንዲሸጥ ነው የተሰራው። ሆኩሳይ የሰራው መስመሩን ነው። በቀጭን ወረቀት ላይ በብሩሽ ይስለዋል፣ ወረቀቱ ለጠራቢው ይሄዳል፣ ጠራቢው በፊቱ ደፍቶ የቼሪ እንጨት ላይ ይለጥፈዋል፣ ከዛ ወረቀቱን ከነእንጨቱ እየጠረበ መስመሩን ብቻ ያስቀራል፣ የሰዓሊው ስዕል እዛው ላይ አለቀ ማለት ነው። ከዛ መስመር ብቻ ያለበት ኮፒ ይታተምና እላዩ ላይ የትኛው ቦታ ምን ቀለም እንደሚሆን ምልክት ይደረጋል፣ ለእያንዳንዱ ቀለም ደግሞ ለብቻው እንጨት ይጠረባል። አታሚው ሁሉንም በየተራ በአንድ ወረቀት ላይ ሲያትም እንዳይዛነፍበት እንጨቱ ጥግ ላይ ማዕዘን የምትመስል ጉድጓድ አለች፣ ጎኗ ላይ ደግሞ ሌላ ቀጥ ያለች፣ ወረቀቱን እነሱ ላይ አስደግፎ ነው የሚያስቀምጠው። ኬንቶ ይሉታል። እኛ ሬጂስተር ማርክ የምንለው ነገር ነው በአጭሩ። ይሄ ባለ ብዙ ቀለም አሰራር በ1765 በሰዓሊው ሃሩኖቡ ስራዎች ነው የተስፋፋው፣ ማለትም የኛ ሲኤምዋይኬ (የዛሬው ባለ አራት ቀለም ህትመት) ከመምጣቱ ስንት ዘመን በፊት ቀለም ለይቶ ማተም የለት ተለት ስራቸው ነበር።

እና አስቢው፣ አንድ እንጨት (አርእስቴ ላይ ፕሌት ያልኩት የማተሚያ ሰሌዳ) አንድ ቀለም ነው። ጠፍጣፋ የሚሆነው ለዛ ነው! ጥላ አልሰሩም፣ ግራዲየንት አልሰሩም የምንለው ነገር ፍልስፍና ከመሆኑ በፊት ሂሳብ ነው። ግራዲየንት ሲፈልጉ ደግሞ ያደርጉታል፣ የሰማዩን ጫፍ አይተሽ ከሆነ ከጥቁር ሰማያዊ ወደ ምንም የሚሄደው፣ ግን አታሚው እንጨቱ ላይ ቀለሙን በእርጥብ ጨርቅ ወይ በብሩሽ እያሳሳ ለእያንዳንዱ ኮፒ በእጁ ነው የሚሰራው። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ብቻ፣ አስቦበት። ገንዘቡን የሚያወጣው አሳታሚውም አለ፣ ሌላ እንጨት ይጠረብ ስትይው ለምን የሚልሽ ሰው ማለት ነው። አንቺ አስራ ሁለት ቀለምና ሰባት ግራዲየንት ስታስገቢ ለምን የሚልሽ የለም፣ ልዩነቱ እዚህ ጋር ነው።

ሌላም ልጨምርልሽ፣ የማዕበሉ ሰማያዊ ፕሩሺያን ብሉ ነው፣ ከአውሮፓ የመጣ ኬሚካል ቀለም፣ በጊዜው አዲስ ፋሽን የነበረ። «ንጹህ ጃፓን» ተብሎ በ2024 አዲሱ የ1000 የን ብር ላይ የታተመው ስዕል ራሱ በኢምፖርት ቀለም ነው የተሰራው እንግዲህ።

አሁን ወደ ፖስተሮቹ። ቀይ ክቡን ያመጣሽው ሳታውቂውም ቢሆን ከዲዛይነሩ ዩሳኩ ካሜኩራ ነው። የ1964ቱ የቶኪዮ ኦሎምፒክ አርማ፣ ነጭ ላይ አንድ ትልቅ ቀይ ክብ፣ ከስሩ ወርቃማ የኦሎምፒክ ቀለበቶች፣ ከስሩ «ቶኪዮ 1964» የሚል ወፍራም ጽሑፍ፣ አለቀ። ሶስቱ ነገሮች ተደርድረው እንደ አንድ ዓምድ ቆመዋል፣ ክቡ ወረቀቱን ሊያፈነዳው ምንም አልቀረውም። ያንቺ ክብ ጥግ ላይ ነው ያለው፣ በላዩ ላይ አበባ፣ ከአበባው ስር ጥላ፣ ስለዚህ ክቡ ጌጥ ሆነ። የካሜኩራ ክብ ጌጥ አይደለም፣ ፖስተሩ ራሱ እሱ ነው፣ ብታነሺው ምንም አይቀርም። ካሜኩራ ቀጥሎ የሰራው የ1962ቱ ፖስተር ደግሞ ፎቶ ነው፣ ጥቁር ዳራ ላይ ሯጮች ከመነሻው ሲፈነጠሩ፣ ፎቶውን ያነሳው ኦሳሙ ሃያሳኪ ነው፣ ለኦሎምፒክ ፖስተር ፎቶ ሲውልም የመጀመሪያው እንደሆነ ይነገርለታል። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን በ2፡12፡11.2 ጨርሶ ሳሩ ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ የታየው በዚሁ ኦሎምፒክ ነው፣ ስለዚህ ያንን አርማ ሳናውቀው ቤታችን ያየነው ሰዎች ብዙ ነን። የስፖርት ዓይነቶቹን በትናንሽ ምልክት ማሳየትም በስርዓት የተሰራው እዛ ነው፣ በማሳሩ ካትሱሚ የሚመራ የዲዛይነሮች ቡድን ነው የሰራው፣ ምክንያቱ ደግሞ ቀላል ነው፣ የሚመጣው እንግዳ ጃፓንኛ ማንበብ አይችልም።

ይሄ ሁሉ ንጹህ፣ ዘመናዊ፣ ለዓለም የሚታይ ጃፓን ነው። ቀጥሎ ታዳኖሪ ዮኮኦ መጣ።

እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም «ሚኒማል ነው ወይ» ያልሽውን ጥያቄ ለብቻው የሚመልሰው እሱ ነው። ዮኮኦ በ1936 የተወለደ ነው፣ ካሜኩራ ከመሰረቱት አንዱ በሆነበት ኒፖን ዲዛይን ሴንተር ውስጥ ሲሰራ ቆይቶ ወጣ፣ ከዛ በ1965 ጊንዛ ማትሱያ በተባለው ትልቅ መደብር ውስጥ ፐርሶና የሚል የቡድን ኤግዚቢሽን ሲዘጋጅ ራሱን የሚያስተዋውቅ ፖስተር ሰራ። ሲልክ ስክሪን (ያው ስክሪን ፕሪንት) ነው። ከመሃል የሚፈነጥቅ ቀይና ሰማያዊ ጨረር፣ መሃል ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ገመድ አንገቱ ላይ ገብቶ ተሰቅሏል፣ እጁ ላይ ጽጌረዳ ይዟል፣ ላይ ጥግ የፉጂ ተራራና ገና ስራ ከጀመረ ዓመቱ የሆነው ፈጣኑ ባቡር ሺንካንሰን፣ ታች ጥግ ላይ ደግሞ የራሱ የህጻንነት ፎቶ። ጽሑፉ በ29 ዓመቴ ጫፍ ደርሼ ሞትኩ የሚል ነው። (ሰውየው ከዛ በኋላ ስንት አስርት ዓመት ሰራ!) ይሄን ፖስተር ክፈቺና ያንቺን ጎን ለጎን አድርጊ፣ ምልክቶቹ ካንቺዎቹ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው፣ ፀሐይ፣ ፉጂ፣ ባቡር፣ አበባ። ቱሪስት የሚወደው ዝርዝር በሙሉ አለ። ግን እሱ እየቀለደባቸው ነው፣ የቢሮ ጓደኞቹ ከአገሪቱ ምስል ውስጥ ጠርገው ያወጡትን የድሮ ክብሪት ሳጥንና የርካሽ ማስታወቂያ ጣዕም መልሶ አምጥቶ ፊታቸው ላይ ነው የደፋባቸው። ፖስተሩ ጢም ያለ ነው፣ ባዶ ቦታ የለውም፣ ግን አንዱም ቀለም ጥላ የለውም፣ ሁሉም ጠፍጣፋ፣ ሁሉም ለየብቻው። ጢም ብሎም ጃፓን ነው እንግዲህ፣ ምክንያቱም አሰራሩ ከሆኩሳይ ጋር አንድ ነው፣ ሰዓሊው ጥቁር መስመር ይስላል፣ የትኛው ቦታ ምን ቀለም እንደሆነ ይጽፋል፣ ቀለሙ የሚወለደው ማተሚያው ላይ ነው። ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት የነበረው ሃንሺታ የሚሉት ለህትመት የሚዘጋጅ ወረቀት በሙሉ እንደዛ ነበር፣ ጥቁር መስመር፣ በላዩ ስስ ወረቀት፣ ስሱ ወረቀት ላይ የቀለም ትዕዛዝ። ዲዛይነሩ ቀለሙን በአይኑ ሳያይ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው የሚቀላቅለው። እኛ አገርም ኮምፒውተር ሳይገባ ኦፍሴት የሰሩ ትላልቅ ሰዎች ካገኘሽ ጠይቂያቸው፣ የሚነግሩሽ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

ሶስተኛ ኢኮ ታናካን እይ፣ በተለይ በ1981 ለሎስ አንጀለሱ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የእስያ ትርኢት ዝግጅት የሰራውን የጃፓን ዳንስ ፖስተር። የዳንሰኛ ፊት ነው፣ ግን ወረቀቱ በካሬ ተከፋፍሏል፣ ፀጉሯ ጥቁር ካሬና ሩብ ክብ፣ አይኗ ቁራጭ ክብ፣ አንድም ብሩሽ የመሰለ መስመር የለበትም። ከምዕራቡ የመጣውን ግሪድ ወስዶ የድሮ ፊት ሰራበት። ጃፓንኛ አንድ ቃል ሳትጽፊ ጃፓን መሆኑ ይታወቃል። ላንቺ ስራ ከሁሉም የሚጠቅመው እሱ ይመስለኛል፣ ለተማሪ ዮኮኦን አልመክርም፣ መቅዳቱ ቀላል ነው፣ ማምለጡ ከባድ ነው።

አሁን ሚኒማሉ የት መጣ ካልሽ፣ በብዛት የምታስቢው ሙጂን ነው። ሙጂ በ1980 ሴዩ የተባለው ሱፐርማርኬት የራሱ ርካሽ ምርት አድርጎ ነው የጀመረው፣ 40 እቃ ብቻ ነበረው፣ አርት ዳይሬክተሩም ይሄው ታናካ ነው። ከእሱ ኬንያ ሃራ ተረከበ (ስሙ ነው፣ ከጎረቤታችን ጋር ምንም አያገናኘውም)። ሃራ በ2003 ያሰራው ፖስተር ቦሊቪያ ውስጥ ኡዩኒ የሚባለው የጨው ሜዳ ላይ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ከላይ ሰማይ ከታች ነጭ ጨው፣ መሃል መስመሩ ላይ ጉንዳን የምታክል ሰው፣ ሌላ የሚሸጥ እቃ የለም። እኛ አፋር ውስጥ እንደዚህ አይነት ሜዳ እያለን የባንክ ቢልቦርድ ላይ አስር መስመር ጽሑፍ እንደምንጭንበት ሳስብ... ተዪው። ነጥቤ ግን፣ ይሄ አንድ ድርጅት ለዓለም ገበያ የመረጠው ቋንቋ ነው እንጂ የጃፓን መንገድ ላይ የምታዪው አይደለም። የሰፈር ሱፐርማርኬት በራሪ ወረቀት፣ የቲቪ ሾው ላይ የሚርመሰመሰው ባለ ቀለም ጽሑፍ፣ ዶን ኪሆቴ የሚባለው መደብር ውስጥ ያለው በእጅ የተጻፈ የዋጋ ካርድ፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። የመንግስት ቢሮ ማስታወቂያ ላይ የምታያቸው ክብ ፊት ሰዎችም ኢራሱቶያ ከሚባል ነጻ የስዕል ድረ ገጽ የሚወሰዱ ናቸው፣ በ2012 አንድ ኢሉስትሬተር የጀመረው፣ ለንግድ ስራ እንኳ እስከ 20 ስዕል በነጻ ይፈቅዳል። ጃፓን ውስጥ በብዛት የሚታየው ኢሉስትሬሽን የማን ነው ቢባል እኔ እሱን ነው የምለው፣ ሙዚየም ያሉት ቅር ይበላቸው።

ሙዚየም ካልን፣ የሚስቁ አበቦች የሚስለውን ታካሺ ሙራካሚን ጠቅሰሻል። አበባው ስለሚስቅ ብቻ እንደ ስቲከር አትዪው፣ ሰውየው ኒሆንጋ በሚባለው ባህላዊ አሳሳል ቶኪዮ የስነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬት የያዘ ነው። በ2000 ሱፐርፍላት የሚል ኤግዚቢሽን አዘጋጅቶ የኤዶ ዘመን (የነሆኩሳይ ጊዜ) ስዕል፣ አኒሜና ማስታወቂያ ሁሉም የአንድ ጠፍጣፋ መስመር ልጆች ናቸው ብሎ ተከራከረ፣ በ2003 ለሉዊ ቪቶን ቦርሳ 33 ቀለም ያለው ሞኖግራም ሰራ። ሸራዎቹ ራሳቸው በብዙ ሲልክ ስክሪን ነው ደረጃ በደረጃ የሚሰሩት፣ በረዳቶች እጅ፣ አሳታሚ፣ ጠራቢ፣ አታሚ የሚለው ክፍፍል በሌላ ስም ተመለሰ በይው። ያዮይ ኩሳማና ዮሺቶሞ ናራ ትልልቅ አርቲስቶች ናቸው ግን ለፖስተር ስራሽ ብዙ አይረዱሽም፣ ናራ ደግሞ የጀርመን ዱሰልዶርፍ ተማሪ ነው፣ የሚስላቸውን ልጆች ከማንጋ (ከጃፓን ኮሚክ) ጋር አታገናኚያቸው።

ወደ ጽሑፉ ልምጣ፣ ምክንያቱም ፖስተርሽ ላይ በጣም የከነከነኝ አማርኛው ነው። ምስሉ ላይ ይሄን ሁሉ ደክመሽ አርእስቱን ኮምፒውተርሽ ላይ ባገኘሽው ፎንት ጫንሽው። ጃፓን ውስጥ አንድ ፎንት ለመስራት ሁለቱ የድምጽ ፊደላት አይበቁም፣ ለለት ተለት ብቻ መንግስት የዘረዘራቸው የቻይና ፊደላት 2136 ናቸው፣ ስለዚህ አዲስ ፎንት የዓመታት ስራ ነው፣ ለዛ ነው ዲዛይነሮቹ ለአርእስትና ለሎጎ ፊደሉን ራሳቸው መሳል የለመዱት። የሚያስፈልጋቸውን አስር ፊደል ብቻ ይስላሉ፣ በቃ። የኛ መደበኛው ገበታ 33 በ7፣ 231 ነው። ያንቺ አርእስት ውስጥ ደግሞ አስራ አንድ የተለያየ ፊደል ነው ያለው፣ ቆጥሬዋለሁ! አንድ ቅዳሜ ነው። የብሩሹን ውፍረት ከምስልሽ መስመር ጋር አንድ አድርጊው፣ የ«ሀ»ን ጎባጣ ከክብሽ ጋር አዛምጂው፣ ጽሑፉ የምስሉ ዘመድ ይሆናል። ዲዛይነሩ ካሺዋ ሳቶ በ2006 ለልብስ ድርጅቱ ዩኒክሎ ሎጎ ሲሰራ ኒው ዮርክ መሃል የሚከፈት ሱቅ ላይ የጃፓንን ካታካና (ከሁለቱ የድምጽ ፊደላት አንዱን) በቀይ ካሬ አድርጎ ከላቲኑ እኩል አቆመው፣ የሚያነበው ሰው የለም ብሎ አልፈራም።

ስራውን እንዴት ታደርጊዋለሽ፦ አዶቤ ኢሉስትሬተር ክፈቺ፣ ሶስት ስፖት ከለር (ከሌላ ሳይቀላቀል ለብቻው የሚታተም ቀለም) ብቻ ፍጠሪ፣ አንድ ጥቁር ወይ ጥቁር ሰማያዊ፣ አንድ ሙቅ ቀለም፣ አንድ ቀላል ቀለም። ሶስት ሌየር፣ ለያንዳንዱ ቀለም አንድ፣ ሁሉንም መልቲፕላይ አድርጊያቸው፣ ሲደራረቡ አራተኛና አምስተኛ ቀለም ይሰጡሻል፣ በነጻ። ወረቀቱ ራሱም ቀለም ነው፣ ነጩን ቦታ ቁጠሪው። ግራዲየንት አንዴ ብቻ ተፈቅዶልሻል፣ የት እንደምታውይው ተጨነቂ። ከዛ ፍሌክስ ባነር ላይ ሳይሆን ቲሸርት የሚያትሙ ስክሪን ፕሪንት ሰዎች ጋር ውሰጂው፣ እነሱ በቀለም ብዛት ነው የሚያስከፍሉሽ፣ የድሮውን አሳታሚ ድምጽ እዛ ትሰሚዋለሽ። አነስ ላለ መጠን ደግሞ ትምህርት ቤቶች ፈተና የሚያባዙበት ሪሶ ማሽን አለ አይደል፣ ውጭ አገር ሰዓሊዎች ዚን (በራሳቸው የሚያወጡት ትንሽ መጽሔት) የሚያትሙበት የተወደደ ማሽን እሱው ነው፣ የጃፓን ነው። ውስጡ ስታይው ስክሪን ፕሪንት ነው፣ ማስተሩ ላይ በሙቀት ቀዳዳ ይበሳል፣ ከበሮው ላይ ይጠቀለላል፣ ቀለሙ በቀዳዳው ይወጣል፣ አንድ ከበሮ አንድ ቀለም። ጥቁር ከበሮ ብቻ ካላቸውም ወረቀቱን ባለ ቀለም አድርጊው፣ ሁለት ቀለም አገኘሽ። የሚያብረቀርቅ ወረቀት እንዳትሰጫቸው፣ ቀለሙ አይደርቅበትም፣ ሰፊ ጥቁር ቦታም እጅ ያቆሽሻል። ትንሽ መዛነፉን አትጣዪው፣ ቀለሞቹን ግማሽ ሚሊሜትር ያህል እርስ በርስ አስገቢያቸው እንጂ ነጭ ስንጥቅ እንዳይታይ።

መጠኑን በተመለከተ፣ የነሱ ፖስተር ብዙ ጊዜ ቢ1 ነው፣ ግን የጃፓን ቢ1 728 በ1030 ሚሊሜትር ነው፣ ዓለም አቀፉ ቢ1 707 በ1000፣ ኢንተርኔት ላይ ሬፈረንስ ስትለኪ ይሄ ያምታታሻል።

ሁለት ማስጠንቀቂያ። ጨረሩን፣ ያ ከክቡ የሚፈነጥቀውን፣ አውጪው። ዮኮኦ ሲያደርገው በራሱ አገር ላይ እያፌዘ ነው፣ ላንቺ ደንበኛ ግን ኮሪያዊ ወይ ቻይናዊ እንግዳ ካለው የጃፓንን የጦርነት ጊዜ ባንዲራ ነው የሚያየው፣ ጣጣ ነው። መቅዳትንም ተጠንቀቂ፣ ማዕበሉ የማንም ስላልሆነ ችግር የለውም፣ የሙራካሚ አበባና የናራ የልጆች ስዕሎች ግን ባለቤት አላቸው። የ2020 ቶኪዮ ኦሎምፒክ የመጀመሪያ አርማ በሐምሌ 2015 ወጥቶ ከቤልጂየም የቲያትር ቤት ሎጎ ጋር ይመሳሰላል ተብሎ ከወር ትንሽ በኋላ ተሰረዘ፣ በሱ ፋንታ በ2016 የአሳኦ ቶኮሎ ሰማያዊ አራት ማዕዘኖች ተመረጡ። መመሳሰል ብቻ እንኳ እዚህ ድረስ ያደርሳል።

የጃፓንኛው ጽሑፍ የግድ ከሆነ (እኔ ባላስገባው ነው የምመርጠው) ቋንቋውን በሚያውቅ ሰው አስነብቢው፣ ፎንቱንም እይ። አንዳንድ የቻይና ፊደል የኮምፒውተር ኮዱ አንድ ሆኖ ቻይናና ጃፓን ውስጥ አሳሳሉ ይለያያል፣ ያንቺ ላይ የገባው የቻይናው ነው፣ ኖቶ ሳንስ ጄፒ የሚለውን (የጃፓኑን) ፎንት በነጻ አውርጂ፣ ኤስሲ የሚለውን (የቻይናውን) ተዪው። ቁልቁል ስትጽፊ ደግሞ እያንዳንዱን ፊደል ኢንተር እየመታሽ አታውርጂ፣ የቁልቁል ጽሑፍ ቱሉን ተጠቀሚ፣ ካታካና ውስጥ ያለችው የማስረዘሚያ ሰረዝ በቁልቁል ጽሑፍ አብራ መቆም አለባት፣ ያንቺ ላይ ተጋድማ ነው ያለችው፣ መስመሮቹም የሚነበቡት ከቀኝ ወደ ግራ ስለሆነ የመጀመሪያው መስመር በስተቀኝ ይሁን።